ታወሩ ከደጅ ይታያል፣ ኔትወርኩ ግን ቤት አይገባም

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ደብዳቤዬ ትንሽ ረዘም ይላል። ከቻላችሁ ሳትቆርጡ አውጡልኝ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ የእኔ ቤት ብቻ ሳይሆን እዚህ ደሴ የብዙ ሰው ቤት ጉዳይ ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ እናቴ ከቤት ወጣች። እህቴ ጅዳ ነው የምትሠራው። ከሥራ የምታርፈው በዚያ ሰዓት ስለሆነ እናቴ በየማታው ስልኳን ይዛ ደጅ ትወጣና እዚያ አንድ የለመደችው ድንጋይ አለ፣ እሱ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለማ! ያን ዕለት ዝናብ ነበር፣ ጉሙም ወርዷል። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ስትራመድ አዳለጣትና በግራ እጇ ላይ ወደቀች። እህቴ ስልክ ላይ «እማ? እማ?» እያለች ነበር። እናቴ ደግሞ መሬት ላይ ሆና «አብሽሪ፣ ደህና ነኝ» ትላታለች። እጇ ለአንድ ወር ያህል ታስሮ ከረመ።

እኔ የሞባይል ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ሱቄ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሰማው «ስልኬ ኔትወርክ አይስብም» የሚል ነው። የሰውን ስልክ ስከፍትና ስገጥም እውላለሁ፣ የእናቴን ቤት ግን አንድ ቀን ቆም ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ከዚያች ማታ በኋላ ግን ነገሩን ካልጨረስኩ አልተኛም አልኩ። ያወቅኩትን ነው የምጽፍላችሁ።

መጀመሪያ ሁላችንም የምንሳሳትበትን ልናገር። ኔትወርክ ሲጠፋ ወዲያው ታወሩን እንረግማለን። አንዳንዴ ልክ ነን። ብዙ ጊዜ ግን ታወሩ ሥራውን ሠርቷል፣ ሲግናሉም ደጃችን ድረስ መጥቷል፣ የሚመልሰው የራሳችን ቤት ነው። የእናቴ ቤት ከጦሳ ግርጌ ነው። በረንዳው ላይ ቆማችሁ ቀና ካላችሁ ማታ ማታ የታወሩ ቀይ መብራት ሽቅብ ይታያል። ግቢው ውስጥ ዩቲዩብ ሳይቆራረጥ ይታያል። አራት እርምጃ ገብታችሁ ሳሎን ስትደርሱ ግን ባሩ አንድ ይሆናል፣ ጓዳ ስትገቡ ጭራሽ ይጠፋል።

ለምን? ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብረት የሬዲዮ ሞገድን አያሳልፍም፣ እንደ መስታወት ያንፀባርቀዋል። ደሴ ደግሞ ሜዳ ላይ የተሠራ ከተማ አይደለም። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላ በኩል አዝዋ ገደል ይዘውታል፣ ሰፈሩ አንዱ ከአንዱ በላይ ተደርድሯል። ታወሩ ከላይ ሲሆን ሲግናሉም ከላይ ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚያገኘው ጣሪያውን ነው። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ያለ ቤት ሲግናሉ ከጎን በመስኮት ይገባለታል፣ የእኛ ግን ቆርቆሮው ላይ አርፎ ይመለሳል። ግድግዳችንም ቀላል አይደለም። የድሮ ቤት ስለሆነ ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ ክንድ ያህላል፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ውሃ የጠጣ ግድግዳ ከደረቀው የባሰ ሞገድ ይውጣል።

አጎቴ ኩታበር ነው የሚኖረው። ድሮ ቤቱ የሣር ክዳን ነበረው፣ ግድግዳው ጭቃ። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ በዚያች የበተን ስልኩ ያወራ ነበር። ቤቱን በቆርቆሮ ያስከደነ ሰሞን ደውሎ «ልጄ፣ ኔትወርኩን ቀነሱት እንዴ?» አለኝ። ማንም አልቀነሰበትም። ሣርና ጭቃ ሞገዱን ያሳልፉ ነበር፣ ቆርቆሮው ከለከለው። ቆርቆሮ መልበስ ጥሩ ነው፣ ዝናብ አያስገባም፣ እሳትም አይፈራ። ይሄን ማንም አይክድም። ግን ይሄን እንደሚያመጣ የነገረው ሰው አልነበረም።

አዲሶቹ ፎቆችም ከዚህ አያመልጡም። ኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ እንደ ወንፊት ሆኖ ሞገዱን ያጣራል፣ ያ ከውጭ ፊት የሚያሳየው አንፀባራቂ መስታወት ደግሞ ላዩ ላይ ስስ የብረት ቅብ ስላለው ከተራ መስታወት በጣም የባሰ ነው። ብርሃን ስለሚያስገባ ሲግናልም የሚያስገባ ይመስለናል። አያስገባም። ፎቅ ተከራይተው «እዚህ ቢሮ ውስጥ ደንበኛ ሊያገኘን አልቻለም» ብለው ስልክ ይዘው የሚመጡ ሰዎች አሉ። ስልካቸው ምንም የለበትም። መስኮቱን ከፍታችሁ ሞክሩ እላቸዋለሁ፣ ይሞክሩና ይገረማሉ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። በዓይን ባር መቁጠር አይጠቅምም። ባር እያንዳንዱ ስልክ አምራች እንደፈለገው የሚስለው ነው፣ በአንዱ ስልክ ሦስት የሆነው በሌላው ሁለት ነው። እውነተኛው ቁጥር ስልካችሁ ውስጥ አለ። አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ የሚለውን ስትከፍቱ የሲግናል ጥንካሬ ብሎ ከፊቱ ማይነስ ያለው ቁጥር ያሳያችኋል፣ ዲቢኤም ይባላል። አይፎን የያዘ ሰው *3001#12345#* ብሎ ይደውል። ቁጥሩ ማይነስ ስለሆነ ከማይነሱ ቀጥሎ ያለው አሃዝ ባነሰ ቁጥር ሲግናሉ ይሻላል። በ4ጂ ማይነስ 85 ጥሩ ነው። ማይነስ 100 ሲደርስ ያስቸግራል። ማይነስ 115ን ካለፈ እንደሌለ ቁጠሩት።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው። ስልኩን 4ጂ ላይ አድርጌ፣ እናቴ ከኋላዬ እየተከተለችኝ፣ በየቦታው አንድ አንድ ደቂቃ ቆሜ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ግቢ፣ ድንጋይዋ ላይ፣ ማይነስ 87። ሳሎን ታወሩ ወዳለበት የሚያየው መስኮት ጠርዝ ላይ፣ ማይነስ 97። ጓዳ፣ ማይነስ 117። እነዚህ ቁጥሮች የተቀራረቡ ይመስላሉ አይደል? አይደሉም። በዚህ ልኬት 10 ቁጥር ማለት 10 እጥፍ ነው። ከግቢው እስከ መስኮቱ ሲግናሉ 10 እጥፍ ቀንሷል፣ ከመስኮቱ እስከ ጓዳው ደግሞ 100 እጥፍ። ግቢ 1,000 የነበረው ጓዳ 1 ሆኗል ማለት ነው። እናቴ ደብተሩን አየችና «ታዲያ መስኮቱ ጋ ያለው አይበቃም?» አለችኝ። ይበቃል! መፍትሔው እዚያው ነበር።

አንድ ነገር አስተውሉ፣ የ2ጂና የ4ጂ ቁጥር እኩል አይነበብም። አንዱን መርጣችሁ ቤቱን በሙሉ በዚያው ለኩ፣ ያለዚያ ዝም ብላችሁ ትደናገራላችሁ። ስትለኩም ስልኩን ታችኛው ጫፉ ላይ ጨምድዳችሁ አትያዙት። የብዙ ስልክ አንቴና እዚያ ነው፣ እጃችን ራሱ ይጋርደዋል። ከጀርባው ብረት ወይም ማግኔት ያለው ከቨርም አውልቁ።

ከለካሁ በኋላ ምንም ሳልገዛ የመጀመሪያውን አደረግኩ። የእናቴን የቡና ቦታ አዛወርኩት። ረከቦቱ፣ ምንጣፉ፣ የእሷ በርጩማ፣ ሁሉም ወደ መስኮቱ ሄደ። መጀመሪያ አልወደደችውም። «እንግዳ በሩን እያየ ነው እንጂ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል እንዴ?» አለች። ሁለት ቀን ሞክሪው አልኳት። በሦስተኛው ቀን ራሷ መጋረጃውን ሰብስባ አሰረችው።

ሁለተኛው፣ ሱቅ ውስጥ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስማርት ስልክ ነበረኝ። ሲም አስገባሁበትና መስኮቱ ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው በኩል፣ ቻርጀር ላይ ሰክቼ አስቀመጥኩት። ሆትስፖት ከፈትኩ። የእናቴ ስልክ አሁን ጓዳም ሆነ መኝታ ቤት ሆና ከእሱ ዋይፋይ ይወስዳል፣ እህቴም በኢሞ ስትደውል የትም ብትሆን ይጠራላታል። ዋይፋዩ የቤቱን የውስጥ ግድግዳ ነው የሚያልፈው፣ ወፍራሙን የውጭ ድንጋይና ቆርቆሮ የሚጋፈጠው መስኮት ላይ ያለው ስልክ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው በአሮጌ ስልክ ፈንታ ሲም የሚቀበል የ4ጂ ራውተር ይግዛ። ከኋላው የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለውን ቢመርጥ ይሻላል፣ ምክንያቱም አንቴናውን ከቆርቆሮው በላይ አውጥቶ ገመዱን ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። የቤት ኢንተርኔት መስመር ያለው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ተገላግሏል።

ተራውን የስልክ ጥሪስ? ለዚያ ብሉቱዝ ኢርፎን ጥሩ ነው። ስልኩ መስኮት ላይ ይቀመጣል፣ እናንተ ሶፋ ላይ ሆናችሁ ታወራላችሁ። 10 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ ግድግዳ ካለ ያንሳል። ጎረቤታችን ሱቅ ያላቸው ጋሼ አሁን እንዲህ ነው የሚጠቀሙት፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆነው ከአዲስ አበባ ዕቃ ያዛሉ።

ሦስተኛውን ያደረግኩት በበጋው ነው። ሳሎኑ ላይ፣ ታወሩ ባለበት አቅጣጫ ባለው የጣሪያ ክፍል አንዱን ቆርቆሮ አንስተን በቦታው ያን ብርሃን የሚያስገባውን የፕላስቲክ ቆርቆሮ አስገባን። ኮርኒሱ አቡጀዲ ስለሆነ አላስቸገረንም፣ ጨርቅ ሞገድ አይከለክልም። ፕላስቲክ ሞገዱን ያሳልፋል፣ ብረቱ ላይ የተከፈተው ቀዳዳም በቂ ስፋት አለው። ስልክ ከሚሠራባቸው ሞገዶች የ900 ሜጋኸርዙ ርዝመቱ 33 ሳንቲ ሜትር፣ የ1,800ው 17 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ የሚሰፋ ክፍት ቦታ ካገኘ ሰተት ብሎ ይገባል። ሳሎኑ መሐል ከዚያ በፊት 112 አካባቢ ነበር፣ ከዚያ በኋላ 103 ሆነ። በአንድ ቆርቆሮና በግማሽ ቀን ሥራ! ቤቱም ቀን ቀን ብርሃን አገኘ። እናቴ በጣም የወደደችው ብርሃኑን ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሁሉም ሰው ስልኩን ይፈትሽ። ብዙ ሰው ሳያውቀው በራሱ እጅ ነው የሚዘጋው። አንድ ወጣት «ሰው ሲደውልልኝ ሊያገኙ አይችሉም ትላለች፣ ኢንተርኔቱ ግን እሳት ነው» ብሎ መጣ። ከፍቼ ባየው በምስጢር ኮድ ገብቶ ስልኩን 4ጂ ብቻ ላይ አስሮታል፣ ጓደኛው ፍጥነት ይጨምራል ብሎት። ጥሪን በ4ጂ የማያስተናግድ ስልክ ወይም መስመር ከሆነ ጥሪ ሲመጣ ወደ 3ጂ ወይም 2ጂ መውረድ አለበት። መውረጃውን ዘግቶ የሚደውልለት ሰው እንዴት ያግኘው? እንደ ነበረው፣ ራሱ እንዲመርጥ አድርጋችሁ ተዉት። እንዲያውም ጓዳ ውስጥ ድምፅ ብቻ ለሚፈልግ ሰው 2ጂ ላይ ማድረግ ይጠቅመዋል። 900 ሜጋኸርዝ ላይ የሚሠራው ከከፍተኞቹ ሞገዶች በተሻለ ግድግዳ ያልፋል። ያቺ የበተን ስልክ ስማርቱ ባልሠራበት ቦታ የምትሠራው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ባትሪውም ሌላ ነገር ነው። «ባትሪዬ ቶሎ ያልቃል፣ ስልኬም ይግላል፣ ቀይርልኝ» ይሉኛል። ቤትህ ኔትወርክ አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። የለም ይላሉ። ስልክ ሲግናል ሲደክምበት ታወሩ እንዲሰማው ኃይሉን እየጨመረ ነው የሚጮኸው፣ ሲያጣም እየደጋገመ ይፈልጋል። ባትሪውን ቀይሬ ገንዘባቸውን ብወስድ ሳምንት ሳይሞላ ተመልሰው ይመጣሉ። ስለዚህ ወደ ቤታቸው እልካቸዋለሁ፣ ማታ ስልካችሁን መስኮት ላይ አሳድሩት እላለሁ።

የሌላውን መስመርም ሞክሩ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ አገራችን ውስጥ ሁለት ኦፕሬተር አለ። የአንዱ ታወር ለቤታችሁ ጀርባ ሰጥቶ የሌላው ፊት ለፊት ሊሆን ይችላል። ሲም ከመግዛታችሁ በፊት የ07 ወይም የ09 ሲም ያለውን ጎረቤት ቡና ጥሩትና በእሱ ስልክ ቤታችሁን ለኩ። ከመንገድ ማዶ ያለው ቤት ይሠራል ማለት የእናንተ ይሠራል ማለት አይደለም።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሲግናል ያጎላል ተብሎ የሚገዛው ቡስተር የሚባለው ዕቃ ነው።

ሰፈራችን ከተወሰነ ጊዜ በፊት ማታ ማታ ስልክ ማናገር አቃተው። ቀን ደህና ነው። ልክ ሲመሽ ድምፅ ይቆራረጣል፣ ጥሪ ይወድቃል። ሁሉም ኦፕሬተሩን ይራገማል። ያስነቃኝ አንድ ነገር ነው፣ መብራት በጠፋ ማታ ኔትወርኩ ይሻላል። ይሄ ግራ ነው። መብራት ሲጠፋ ታወሩ በባትሪ ነው የሚሠራው፣ ቢበዛ ይደክም እንደሆነ እንጂ እንዴት ይሻለዋል? ስለዚህ አበላሹ ከግድግዳ ሶኬት የሚበላ፣ ሰፈራችን ውስጥ ያለ ዕቃ ነው አልኩ። ስልክ ይዤ እየለካሁ ዞርኩ። አንድ ነጋዴ ቤት ጣሪያ ላይ አንቴና አየሁ። ገብቼ አናገርኩት፣ ጥሩ ሰው ነው፣ አልደበቀም። ከውጭ ያስመጣው ቡስተር ነበር። ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ሲገባ ይሰካዋል። እኔ ፊት ነቀለው፣ መንገድ ላይ የቆሙ ልጆች ወዲያው «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሰውየው ደነገጠ። ሰፈሩን እያወከ እንደሆነ ጨርሶ አላወቀም ነበር።

ቡስተር የሚሠራው እንዲህ ነው። ውጭ አንድ አንቴና ይቀበላል፣ መሐል ያለው ሣጥን ያጎላል፣ ውስጥ ያለው አንቴና ይበትናል። የሁለቱ አንቴናዎች ድምፅ ከተገናኘ ሠርግ ቤት ማይክ ወደ ስፒከር ሲጠጋ እንደሚያፏጨው ሁሉ ያፏጫል። እኛ በጆሯችን አንሰማውም፣ ታወሩ ግን ይሰማዋል። በዚያ ፉጨት መሐል የእናንተንም የጎረቤትንም ስልክ መስማት ያቅተዋል። ውጭ ምንም ከሌለ ደግሞ ዜሮን አጉልቶ ዜሮ ነው የሚሰጠው። ሞገዱም መግጠም አለበት። 900 ብቻ የሚያጎላ ሣጥን ገዝቶ 4ጂ የሚጠብቅ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ሞገዱ ፈቃድ የተሰጠው የኦፕሬተሩ ነው፣ ማንም ተነስቶ የሚያጎላው አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው ይሄን የሚቆጣጠረው። ስለዚህ ወገኖቼ፣ ኦፕሬተሩ ሳያውቀው ቡስተር አትትከሉ። ሱቅ ውስጥ የምትሸጡም «ይሠራል፣ ሰካ ብቻ» እያላችሁ አትሽጡ። ከባትሪ ጀርባ የሚለጠፈውን ወርቃማ ስቲከር ደግሞ ጨርሶ እርሱት፣ ምንም አይሠራም። ስልኩን ብርጭቆ ውስጥ ማቆምም እንዲሁ ነው፣ የሚጠቅመው ብርጭቆው ሳይሆን የተቀመጠበት መስኮት ነው።

ለኦፕሬተሮቹ የምለው አለኝ። ስለ እናቴ ቤት ደውዬ ነበር። «አካባቢዎ ሽፋን አለው» ተባልኩ። ልክ ነው፣ አካባቢው አለው። ግን እኛ የምንኖረው አካባቢው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። መኪና ላይ ዕቃ ጭናችሁ አስፋልት አስፋልቱን እየለካችሁ ሽፋን አለ አትበሉን። ሰው ሲጠራችሁ ጓዳው ድረስ ግቡና ለኩለት። ከዚያ ቤትህ ነው ካላችሁት ምን ማድረግ እንዳለበት ንገሩት፣ ታወሩ ነው ካላችሁ መቼ እንደሚስተካከል ንገሩት። ቡስተር የግድ የሚያስፈልገው ሆስፒታልና ትልቅ ሕንፃ አለ። እሱን በፈቃድ፣ በተመረመረ ዕቃ፣ በራሳችሁ ባለሙያ ግጠሙ፣ ዋጋውም ይታወቅ። ሰው ጥቁር ገበያ የሚሄደው ሕጋዊውን በር ስላላየው ነው።

ቤት የምታሠሩ ወገኖች ደግሞ ቆርቆሮ ስትመቱ አንዱን ወይም ሁለቱን ፕላስቲክ አድርጉ፣ ታወሩ ባለበት በኩል። ፎቅ የምትሠሩ ያን አንፀባራቂ መስታወት በአራቱም አቅጣጫ ከማልበሳችሁ በፊት አስቡበት። ኮርኒስ ከመታሸጉ በፊት ከጣሪያ እስከ ሳሎን አንድ ባዶ ኮንዲዩት፣ ማለትም የገመድ ማሳለፊያ ቱቦ፣ ብታስቀብሩ የአንቴና ገመድ ሲያስፈልግ ግድግዳ መፈልፈል አይኖርም። ያኔ ምንም አያስወጣም፣ በኋላ ነው ውድ የሚሆነው።

«ለስልክ ይሄን ያህል?» የሚል ሰው ይኖራል። ወሎ ለዚህ መልስ አለው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ እዚህ በደረሰ ጊዜ ስልክ ጠፍቶ ሰው ዘመዱ ይኑር አይኑር ሳያውቅ ሰንብቷል። መስመሩ ሲመለስ ሰው እንዴት አልቅሶ እንዳወራ ሱቄ በር ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ስንቱ ቤት ነው ዓረብ አገር ልጅ ያለው? ያቺ ልጅ በቀን አንዴ ያገኘቻት ግማሽ ሰዓት ናት። እናቷ ቤት ውስጥ ኔትወርክ ከሌለ ያቺ ግማሽ ሰዓት «ይሰማል? አይሰማም፣ ቆይ ደጅ ልውጣ» በሚል ታልቃለች። የባንክ ኮድ በመልእክት ካልደረሰ የላከችው ገንዘብ አይወጣም። ሌሊት ሰው ሲታመም 907 ደውሎ አምቡላንስ ለመጥራት በሽተኛውን ጥሎ ደጅ መውጣት አለ። እነዚህን ሁሉ በዓይኔ ያየኋቸው ናቸው።

አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፣ ዝግጅት ክፍሎች። አንባቢዎቻችሁ ቤታቸውን ይለኩና ይላኩላችሁ። ሰፈራቸውን፣ ጣሪያቸው ምን እንደሆነ፣ ግድግዳቸው ምን እንደሆነ፣ ግቢ ስንት፣ መስኮት ስንት፣ ጓዳ ስንት እንዳነበቡ። ስም አያስፈልግም። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከወልድያ፣ ከየትም ይሁን። እናንተ ሰብስባችሁ ብታወጡት ሁለቱም ኦፕሬተሮች የሚያዩት ነገር ይኖራል። የእናቴን ቤት እኔ ልጀምርላችሁ፦ ደሴ፣ ጦሳ ግርጌ፣ ቆርቆሮ፣ ድንጋይ፣ 4ጂ፣ ግቢ 87፣ መስኮት 97፣ ሳሎን 103፣ ጓዳ 117። ሁሉም ማይነስ ነው።

እጇ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ትናንት ማታ እህቴ ስትደውል ሁለተኛውን ጀበና እየቀዳች ነበር። ቁጭ እንዳለች አነሳችው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ